ተካፍለን የዋጥነው መድኃኒት

ሐምሌ 8

ለምወድህ ለግማሼ፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ጤናህ የተሟላ፣ ሥራህ የቀና፣ ሆድህም የጠገበ ሆኖ ያግኝህ። ፈጣሪ ከክፉ ሰው፣ ከክፉ ቀንና ከክፉ አለቃ ይሰውርህ። እኔ አክስትህ አለሁ። አለሁ ስል መኖሬን ነው፤ ደህንነቴን እንኳ ተወው።

የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ሰሞን መጥቷል። ሱቋ በሰማያዊ ጨርቅ ተሞልታ መርገጫ የላትም። በዚህ ሰሞን መታመም እንደማልችል አንተም ታውቃለህ፤ ለጥርሴ ግን ይህን የነገረው የለም። በግራ በኩል ያለው ክራንቻዬ ነው፣ ያ ክር የምበጥስበት። ስንት ዘመን ክር ሲበላው ኖሮ አሁን ተቦርቡሯል። ከሥሩ ተነስቶ ወደ ጆሮዬ ይወጋኛል፣ ከጆሮዬ ደግሞ ወደ አናቴ ይወጣል። በጨው ውሃ ተጉመጠመጥኩ። ቅርንፉድ ነከስኩ። ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ ቀዳዳው ውስጥ ብሞላ፣ የመጣው ደንበኛ ሁሉ ርቆ ቆሞ ልኩን አስለካ። ጎረቤታችን አናጢው ደግሞ የራስ ምታት ክኒን ድድሽ ላይ ለጥፊበት አለኝ፤ ለጠፍኩ። ድዴ ነጭ ሆኖ ተላጠና ሕመሙ ሁለት ሆነ።

ስለዚህ ላስቸግርህ ነው። አምና ጉሮሮዬን ሲያመኝ የላክልኝ ባለ ሁለት ቀለም እንክብል ነበር፣ ቀይና ቢጫ። ከተገኘ ላክልኝ። ካልተገኘም አትጨነቅ፣ ጥርስ ነው እንጂ ልብ አይደለም።

እንዳትደውል። የፖስታ ቤቱ ስልክ ላይ፣ ሰልፍ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማኝ፣ ስለ ጥርሴ መጮህ አልፈልግም። ጻፍልኝ።

አክስትህ መቀስ


ሐምሌ 27

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ናፍቆቴ ከዚህ ወረቀት በላይ ስለሆነ እዚህ ላይ አልዘረዝረውም። እኔ በጸሎትዎ ደህና ነኝ። በሰው አገር ሥራው ያው ነው። የሆስፒታሉ አንሶላ አያልቅም፤ ታጥቦ ይመጣል፣ እንተኩሳለን፣ እናጥፋለን፣ ሰው ይተኛበታል፣ ተመልሶ ይመጣል። ከመተኮሻው ማሽን የሚወጣው እንፋሎት ፊቴን ሲመታኝ ይውላል፤ ማታ አልጋዬ ላይ ስወድቅ የራሴን አንሶላ ማንጠፍ ያስጠላኛል።

እንክብሉን ይህን ደብዳቤ በያዘው ሰው እጅ ልኬልዎታለሁ። ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬዋለሁ፣ ካልሲውንም ያድርጉት። ቤት ውስጥ ተርፎ የነበረ ስለሆነ ምንም አላስቸገረኝም። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ፣ ምግብ ከቀመሱ በኋላ አንዳንድ ይዋጡ። የአናጢውን ምክር ግን ይተዉት፣ እሱ እንጨቱን ይለጥፍ።

ስለ እኔ እንዳያስቡ። ሰሞኑን ለስላሳ ነገር ብቻ እያማረኝ ሾርባ ላይ ነኝ። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ሽማግሌው እያሉ ይስቁብኛል።

ልጅዎ


ነሐሴ 22

ለምወድህ ለግማሼ፣

እጅህ ይባረክ፣ ያመጣው እግርም አይሰናከል። እንክብሉ ደርሶኝ ሰው ሆኛለሁ። አንዱን ፈታሁና ዱቄቱን ቀዳዳው ውስጥ በመርፌ ጫፍ ጠቀጠቅሁት፣ ሌላውን እንዳልከው ዋጥሁት። ጉንጬ ሟሸሸ። ትኩሳቱም ለቀቀኝ። የዩኒፎርሙን ሥራ እግሬ እስኪያብጥ ፔዳል ረግጬ ጨረስኩ፤ አንዲት እናት ብቻ ሱሪው አጥሯል ብላ መለሰችብኝ። ልጁ ነው የረዘመው ብያት ሄደች።

ሕመሙ ሲተወኝ እኔም መድኃኒቱን ተውኩት። ምን ያደርግልኛል? የተረፈውን ለአናጢው ሰጠሁት። እሱም መንጋጋው አብጦ አፉን እንደ ሣጥን ቆልፎ ከርሞ ነበር። ዋጠና በሁለተኛው ቀን ሲያፏጭ ሰማሁት። በስምህ መርቆሃል።

አንድ ነገር ግን ልቤ ውስጥ ቀረ። ቤት ውስጥ የተረፈ ነው ብለሃል። አንተን ምን አሞህ ነው መድኃኒት ቤትህ የገባው? ሾርባውንም አልወደድኩትም። አንተ ድንጋይ ብሰጥህ ቆርጥመህ የምትውጥ ልጅ ነበርክ።

አክስትህ መቀስ


ጥቅምት 2

ለተከበሩ አክስቴ፣

በመዘግየቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ከእኛ ጋር የምትሠራ አንዲት ሴት ወገቧ አልታዘዝ ብሏት ስለቀረች የእሷንም ማሽን እኔ ይዤዋለሁ።

መሻልዎን ሰምቼ ደስ አለኝ፤ መድኃኒቱን ማቋረጥዎን ስሰማ ግን ደስታዬ ቀነሰ። ወረቀቱ ላይ ቢሻልዎትም ይጨርሱት የሚል አለ። ለአናጢው መስጠቱም ጥሩ አልነበረም። ለእሱ የሚሆነውን እኛ እንዴት እናውቃለን? ዱቄቱን ቀዳዳ ውስጥ መጠቅጠቅስ ከየት የመጣ ጥበብ ነው? እባክዎን የጥርስ ሐኪም ጋ ይሂዱ። የሚያስፈልገውን እኔ እችላለሁ።

ፎቶ ይላኩልኝ። ፊትዎን ማየት እፈልጋለሁ።

ልጅዎ


ጥቅምት 24

ለምወድህ ለግማሼ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስ፤ ድካምህን ፈጣሪ ይቁጠርልህ። ፎቶውን ይኸው። ፎቶ አንሺው ወደ ጎን ዞር በዪ ያምርብሻል ብሎኝ ነው።

አንተ ያሳደግሁህ ልጅ ነህና አልዋሽህም፣ እኔ ነኝ ወደ ጎን የዞርኩት። ግራው ተመልሶ አብጧል። አሁንማ ድዴ ላይ እንደ ሽምብራ ያለ ነገር ወጥቶ ስጫነው መራራ ነገር አፌን ይሞላዋል። ከእንክብሉ ጠንከር ያለ ካለ ላክልኝ። የሚዋጠው ካልሆነም የሚወጋውን ላክ፣ መርፌ የሚወጋ ሰው ሰፈር ውስጥ አይጠፋም።

ሐኪም ጋ ሂጂ ትላለህ። ሐኪም ጋ ብሄድ የሚያደርገው ይታወቃል፣ ይነቅለዋል። ከነቀለው በምን ልበጥስ? መቀስ አንስቶ መቀስ እስኪቀመጥ ስፌቱ ይቀዘቅዛል። ሰፈሩ መቀስ ብሎ ስም ያወጣልኝ በዚህ ጥርስ ነው፣ የኖርኩትም በዚሁ ነው። ደግሞ ፈርቻለሁ። ፈርቻለሁ ስልህ እንዳትስቅ።

ቢሻልዎትም ይጨርሱት ብለህ ጽፈሃል። አንተስ ጨርሰኸው ነበር? ጨርሰኸው ከነበረ ለእኔ የተረፈው ከየት መጣ?

አክስትህ መቀስ


ታኅሣሥ 1

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ለዚህ ደብዳቤ መልስ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ብዙ ጊዜ ተነስቻለሁ። ፎቶውን ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ያልታየውን ጉንጭ ሳስብ ይውላል።

እንክብሉ የእኔ ነበር። በቀኝ በኩል የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ በስብሶ ሲያሰቃየኝ ከርሞ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ይህን ሙሉውን ውሰድ፣ ሲያልቅ ተመለስ፣ እንነቅለዋለን አለኝ። ግማሹን እንደዋጥሁ ሕመሙ ጋብ አለልኝ፤ በዚያው ሰሞን የእርስዎ ደብዳቤ ደረሰኝ። ግማሹ ለእኔ፣ ግማሹ ለአክስቴ ብዬ ካልሲው ውስጥ ከተትሁት። ክፉ ነገር ያደረግሁ አልመሰለኝም ነበር።

እናቴ ሞታ እርስዎ ቤት ስገባ ያለዎት ሁሉ ለአንድ ሰው እንኳ የማይበቃ ነበር። ሳሙናውን በክር ለሁለት ይቆርጡት ነበር። ብርድ ልብሱን ከመሐል ቀደው ጠርዙን ሰፍተው ሁለት አደረጉት። ከረሜላ የተገኘ ቀን ደግሞ በዚያ ክራንቻዎ ቀጭ አድርገው ሰብረው ተለቅ ያለውን ለእኔ ይሰጡኝ ነበር። ግማሼ ያሉኝም ከዚያ ወዲህ ነው። እኔ ሙሉ ነገር ለብቻ መዋጥ አልተማርኩም፣ አክስቴ።

አሁን የምልከው የለም። ቀጠሮዬ አልፏል። የእኔም ጥርስ ተመልሶ ተነስቷል። አብረውኝ ከሚኖሩት አንዱ ሕመሙን ይገድለዋል ብሎ በሰጠኝ መጉመጥመጫ አፌ ተቃጥሎ ተላጧል፤ በድድ መላጥ እንኳ ተካክለናል። እባክዎን ይሂዱ። ክሩን ማሽኑም ይበጥሰዋል።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 20

ለምወድህ ለግማሼ፣

ዛሬ ሰላምታዬ ቢያጥር አትቀየመኝ፣ እጄ ዝሏል።

አናጢው ሊሞትብን ነበር። ተሻለኝ ብሎ በርና መስኮት ሲገጥም ከርሞ፣ ባለፈው ሳምንት አገጩ ሥር አብጦ መጣና ያ እንክብል ተርፎሽ ይሆን አለኝ። የለኝም አልኩት። በቅርንፉድ ሸኘሁት። በማግስቱ አንገቱና አገጩ አንድ ሆኖ፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት፣ ሚስቱ ስትጮህ ደረስን። በራሱ የእንጨት ጋሪ ላይ ጭነን ሆስፒታል ገፋነው። አንገቱን ከፍተው መግሉን አወጡለት፣ መተንፈሻ ቱቦም በጉሮሮው አስገቡለት። ይተርፋል ብለዋል፤ ይናገር እንደሆነ ግን ገና አይታወቅም።

የመንጋጋና የጥርስ ሐኪሟ ምን ወስዶ ነበር ብላ ጠየቀች። እኔ የሰጠሁት እንክብል ነው አልኳት። ከየት አመጡት አለችኝ። የእህቴ ልጅ ልኮልኝ ነው አልኩ። እሱስ ስትለኝ ከራሱ ቀንሶ አልኳት። አልተቆጣችም። እንደ እኔው የደከማት ሴት ናት።

"ለአንድ ሰው የታዘዘውን ለሦስት ተካፈላችሁት፣ አንዳችሁም አልዳናችሁም" አለችኝ። ቀጥላም አፍዎን ይክፈቱ አለችኝ።

ከፈትኩ። ድዴ ላይ ያለውን ሽምብራ በጣቷ ተጫነችው። የአናጢው መንገድ የእኔም መንገድ እንደሆነ ነገረችኝ። አዲስ መድኃኒት አዘዘችልኝ፣ እዚያው ፊቷ መዋጥ ጀመርኩ፣ አንዱንም ለማንም አልሰጥም ብዬ ማልኩላት። መንቀያው ወንበር ወረፋ አለበት፤ ቀጠሮዬ ጥር ሃያ አምስት ጠዋት ነው።

እንግዲህ ስማኝ። አንተም እዚያው ባለህበት ለጥር ሃያ አምስት ቀጠሮ ያዝ። በአንድ ቀን እንነቀል። አንተ ካልሄድክ እኔም አልሄድም። ፍርሃቱን ብቻዬን አልችለውም፣ ግማሹን ተሸከምልኝ።

አክስትህ መቀስ


ጥር 9

ለተከበሩ አክስቴ፣

ደብዳቤዎን ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ተቀመጥኩ። ለአናጢው ፈጣሪ ምሕረቱን ያውርድለት። ቀጠሮውን ይዣለሁ፣ ጥር ሃያ አምስት ጠዋት። መድኃኒቴንም ተቀብያለሁ፣ እየዋጥኩ ነው። በዚያ ጠዋት ሲፈሩ እኔም ወንበር ላይ እንዳለሁ ያስቡ። አይቅሩብኝ።

ልጅዎ


ጥር 26

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንኳን ለዚህ አበቃን። ትናንት ሄጄ ተነቀልኩ። ምንም አይደለም፣ እንደዚያ የፈራነው በከንቱ ነው። ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ነቀለው፣ ተነስቼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ማታ ዳቦዬን በልቼ ተኛሁ። የእርስዎንም እንዲሁ ቀላል እንዳደረገልዎት ተስፋ አለኝ። አሁን ሁላችንም አረፍን።

ልጅዎ


የካቲት 14

ለምወድህ ለግማሼ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። እኔ ድኛለሁ። እንዴት እንደዳንኩ ልንገርህ።

ጥር ሃያ አምስት ጠዋት የታጠበ ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ። ቆዳው የተሰነጠቀ አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ፤ ጎኔ ያለው ሰውዬ ጉንጩን በሻሽ አስሮ ከወለሉ ጋር ያወራል። ስሜ ሲጠራ ተነስቼ ገባሁ። ወንበሩ ወደ ኋላ ሲንጋለል አንተም በዚያች ሰዓት እንዲሁ ተንጋለህ፣ አፍህን ከፍተህ፣ ጣሪያ ስታይ ታየኸኝ። አይዞህ አልኩህ በልቤ። ሐኪሟ መርፌውን ስትወጋኝ የወንበሩን ክንድ ሳይሆን የአንተን እጅ የያዝኩ መስሎኝ ነበር።

ከንፈሬ የእኔ አልመስል አለኝ። ውሃ ብጎነጭ በአገጬ ወረደ። ጥርሱ ሲወጣ አላመመኝም፣ ድምፁን ግን በጆሮዬ ሳይሆን በራስ ቅሌ ውስጥ ሰማሁት። ያን ቀን ቁራሽ ዳቦ አልቀመስኩም። እስከ ዛሬ ምላሴ አላርፍም ብሏል፤ ስሰፋም፣ ሳወራም፣ ስተኛም ወደ ጉድጓዱ እየሄደ ይፈልገዋል። ጥርሱን ለምኜ ተቀብዬ አዝራር የማስቀምጥበት ጣሳ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ይህን ሁሉ አልፌ ቤቴ ገብቼ ስሰነብት ደብዳቤህ ደረሰኝ። ነቀለው፣ ተነስቼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ፣ ዳቦዬን በልቼ ተኛሁ ይላል። ስለ ከንፈርህ አንድ ቃል የለም። ስለ ምላስህ አንድ ቃል የለም። ጥርሱ የተነቀለ ሰው እንዲህ አይጽፍም፣ ልጄ። ለካ ወንበሩ ላይ ብቻዬን ነበርኩ።

አልተቆጣሁም። ለመቆጣትም ጉልበት ይጠይቃል። ግን አናጢውን በጋሪ የገፋሁት እኔ ነኝ። አንተን የሚገፋልህ ማን አለ? እዚያ አገር ጋሪ የሚገፋልህ አክስት የለህም። ሂድና ተነቀል። ተነቅያለሁ ብለህ እንዳትጽፍልኝ፣ አላምንህም። ጥርሱን ላክልኝ።

አክስትህ መቀስ


መጋቢት 8

አክስቴ፣

ረጅም ሰላምታ አልችልም፣ አፌ ውስጥ ጨርቅ አለ።

ፈረቃዬን ቀየሩብኝ ብዬ ልጽፍልዎ ነበር። አልቀየሩብኝም። ያን ቀን ጠዋት ሐኪሙ በር ድረስ ሄጄ እጀታውን ይዤ ተመለስኩ። የሚያሳፍረኝ እርስዎ በሩን አልፈው ገብተው እኔ በሩ ላይ መቅረቴ ነው።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ግማሽ ፊቴ አብጦ ዓይኔ ተደፍኖ ነበር። ደብዳቤውን እንደያዝኩ ሄድኩ። ሐኪሙ ጥቂት ብትቆይ ኖሮ አለና ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ከንፈሬ ተንጠልጥሎ ነው የምጽፈው። ሾርባው በአገጬ ወርዶ ሸሚዜን አበላሽቷል። ምላሴ ደግሞ እንዳሉት ነው፣ አላርፍም ብሏል።

ጥርሱ በሻሹ ውስጥ አለ። አጠገቡ ያለው ጥቅል ከረሜላ ነው። አሁን በምን እንደሚሰብሩት አላውቅም።

ግማሽዎ


መጋቢት 27

ለምወድህ ለግማሼ፣

ያወጣህን አምላክ አመሰግናለሁ። ጥርስህ ደረሰኝ። ፖስታ ቤት የሚሠራው ልጅ ፖስታውን ነቅንቆ ምንድን ነው ይሄ ብሎ ቢጠይቀኝ የልጄ ጥርስ ነው አልኩት። የወተት ጥርስ መስሎት እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። እኔም ተቀበልኩት።

ገልብጬ ገልብጬ አየሁት። ሥሩ ድረስ ጠቁሯል። ይህን ይዘህ ነው ለካ ስለ እኔ ጉንጭ ስትጨነቅ የከረምከው። ሱቄን ዘግቼ ትንሽ አለቀስኩ፣ ከዚያ ጣሳው ውስጥ ከእኔው ጥርስ አጠገብ፣ ከአዝራሩ መሐል አስቀመጥኩት።

አናጢው ወጥቷል። ድምፁ ጎርነን ብሎ ተመልሷል፣ አንገቱ ላይ ጠባሳ አለ፣ ማፏጨቱን ግን ትቷል። እስኪሻለው በሩ ላይ ተቀምጦ የእኔን ስፌት ሲያይ ይውላል። መቀስ መጠቀም እየለመድኩ ነው። መጀመሪያ ላይ ክሩን ወደ አፌ ወስጄ ባዶውን እነክስ ነበር፤ አሁን እጄ ራሱ መቀሱን ያነሳል። ሥራው እንደፈራሁት ቀዝቅዟል። ይቀዝቅዝ።

አንድ ነገር ልትምልልኝ ይገባል። ከዛሬ ጀምሮ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ብቻውን ይዋጥ። አንተም፣ እኔም።

ከረሜላውን ግን በመቀስ ሰበርኩት። ተለቅ ተለቅ ያለው ግማሽ በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ፣ በግራ በኩል አኝከው።

አክስትህ መቀስ